ከግቢ ሆኖ ጥልቁን ሰማይ ማየት፦ በኮምፒውተር የሚመራ ቴሌስኮፕ አጠቃቀም

በኮምፒውተር የሚመራ ቴሌስኮፕ የገዙ ወይም ከውጭ ዘመድ የላከላቸው ሰዎች አንድ ዓይነት አቤቱታ ይዘው ይመጣሉ፦ «ሞተሩ ይዞራል፣ ሪሞቱ ደረስኩ ይላል፣ እኔ ግን ምንም አይታየኝም።» ዕቃው ሲፈተሽ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። ችግሩ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ መሣሪያው የት እንደቆመና ሰዓቱ ስንት እንደሆነ በትክክል አልተነገረውም፤ ወይ ደግሞ በትክክል አነጣጥሮ ሳለ ተመልካቹ ፊቱ ያለውን ነገር ለይቶ አላየውም። የመጀመሪያው በአሥር ደቂቃ የሚስተካከል ነው። ሁለተኛው ልምምድ ይጠይቃል፤ ደስታውም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ጥልቅ ሰማይ የምንለው

ጨረቃን፣ ጁፒተርን፣ ሳተርንን ለማየት ኮምፒውተር አያስፈልግም። በዓይን ስለሚታዩ ቱቦውን ወደ እነሱ ማዞር ይበቃል። ጥልቅ ሰማይ የሚባለው ከፀሐይ ቤተሰብ ውጭ ያለው ነው፦ የኮከብ ክምችቶች፣ ኔቡላ የሚባሉት የጋዝና የአቧራ ደመናዎች፣ ከእኛ ጋላክሲ ውጭ ያሉ ሌሎች ጋላክሲዎች። አብዛኞቹ በባዶ ዓይን አይታዩም፤ ስለዚህ መገኛቸውን የሚነግር ዝርዝር ያስፈልጋል።

የታወቀው ዝርዝር የፈረንሳዊው ቻርልስ መሲዬ ነው። መሲዬ ጅራታም ኮከብ አዳኝ ነበር። ጅራታም ኮከብ እየመሰሉ የሚያደናግሩትን ደብዛዛ ነገሮች መዝግቦ እ.ኤ.አ. በ1781 ባወጣው የመጨረሻ ዝርዝሩ 103 አደረሳቸው፤ ኋላ በሌሎች ተጨምሮበት ዛሬ 110 ናቸው። በሪሞቱ ላይ «ኤም» ከሚል ፊደል ቀጥሎ ቁጥር ስታዩ የእሱ ነው። «ኤንጂሲ» የሚለው ደግሞ ድራየር የተባለ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1888 ያሳተመው 7,840 ነገሮችን የያዘ መዝገብ ነው። መሲዬ የሠራው ከፓሪስ ስለነበር ከደቡብ ሰማይ ብዙ ድንቅ ነገር አልመዘገበም። ይህን ያዙልኝ፤ ለእኛ ለኢትዮጵያ ተመልካቾች ትልቅ ጉዳይ ስለሆነ እመለስበታለሁ።

ኮምፒውተሩ ምን ይሠራል

ቴሌስኮፑ ሁለት ሞተሮች አሉት። አንደኛው ቱቦውን ወደ ግራና ቀኝ፣ ሌላኛው ወደ ላይና ታች ያንቀሳቅሳል። በሪሞቱ ውስጥ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ የሰማይ አካላት አድራሻ ተቀምጧል፤ ኔክስስታር 8ኤስኢ የሚባለው የሴለስትሮን ኩባንያ ሞዴል ለምሳሌ 40,000 ገደማ ይዟል። አድራሻው ግን በሰማይ ኬክሮስና ኬንትሮስ የተጻፈ ነው፤ ቱቦው ደግሞ የሚያውቀው የራሱን መሬት ብቻ ነው። ሁለቱን ለማገናኘት ጥቂት የታወቁ ከዋክብትን እናሳየዋለን። ለአዲስ አበባ እንግዳ የሆነ ሰው አራት ኪሎንና መስቀል አደባባይን አሳይታችሁት ካርታ ብትሰጡት የቀረውን ሰፈር ራሱ እንደሚያገኘው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለተኛው ሥራ ይመጣል፤ መከተል። ምድር ራሷን አንድ ጊዜ የምትዞረው በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ነው። 80 እጥፍ በሚያጎላ ሌንስ ስታዩ፣ ሞተር ከሌለ ኮከቡ ከእይታችሁ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ይወጣል። ሞተሮቹ የምድርን መዞር እየካሱ ያቆዩታል። ብዙ ሰው የመፈለጉን ችሎታ ያደንቃል፤ ለእኔ ግን ከፍ ያለው ጥቅም ይህ ነው። ደብዛዛ ጋላክሲን በእርጋታ አሥር ደቂቃ ማየት የሚቻለው ቱቦው ሲከተልልን ነው። በእንጦጦ ተራራ ላይ የተተከሉት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች የሚሠሩትም በመሠረቱ በዚሁ መንገድ ነው።

ሰዓትና ቀን

አብዛኛው ኢትዮጵያዊ የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ የመመሪያው ደብተርም አይነግረውም። ሪሞቱ የሚጠይቀው የፈረንጅ ሰዓትና የፈረንጅ ቀን ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የምትሠሩ ከሆነ 20:00 ብላችሁ አስገቡ። 2 ብትሉት ሰማዩ ለመሣሪያው በ90 ዲግሪ ይዞራል፤ በምሥራቅ ገና የሚወጣውን ኮከብ አናት ላይ ነው ብሎ ይፈልገዋል፣ ወይም ከአድማስ በታች ያለውን ምረጡ ይላችኋል።

ቀኑ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወር፣ ቀን፣ ዓመት በሚል ቅደም ተከተል ነው የሚገባው። ኅዳር 10ን 03/10 ብሎ የሚያስገባ ሰው ለመሣሪያው የነገረው ማርች 10 መሆኑን ነው። ትክክለኛው 11/19 ነው። ሰማይ በየቀኑ አንድ ዲግሪ ገደማ ስለሚሸሽ፣ ይህ ስሕተት ከ250 ዲግሪ በላይ ይርቃል። ከሞባይላችሁ ላይ የፈረንጁን ቀን አይታችሁ አስገቡ።

የሰዓት ቀጠናችን ከግሪኒች 3 ሰዓት ይቀድማል። ስለ በጋ ሰዓት ለውጥ ሲጠይቃችሁ መደበኛ የሚለውን ምረጡ፤ እኛ ዘንድ ሰዓት አይለወጥም። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤል ያላችሁ ግን ወቅቱን እያያችሁ መቀየር አለባችሁ። ቦታ ሲጠይቅ ከተማችሁ በዝርዝሩ ካልተገኘ በቁጥር ይገባል፤ አዲስ አበባ ኬንትሮሷ 38 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ምሥራቅ፣ ኬክሮሷ 9 ዲግሪ ከ2 ደቂቃ ሰሜን ነው። «ምሥራቅ» የሚለውን ደግማችሁ ተመልከቱ። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ለአሜሪካ ገበያ የተዘጋጁ ስለሆኑ ምዕራብ የሚለው ቀድሞ ተሞልቶ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

ከዋክብቱን ማስተዋወቅ

ሥራው በቀን ይጀምራል። ከቱቦው ጎን ያለችውን ባለ ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ ከዋናው ቱቦ ጋር ማስማማት አለባችሁ። አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚርቅ የቴሌ አንቴና ወይም የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ምረጡ፤ በዓይን ሌንሱ መካከል አድርጉት፤ ከዚያ ቀይዋን ነጥብ በብሎኖቿ አስተካክላችሁ እዚያው ላይ አሳርፏት። ይህን ስትሠሩ ቱቦው በፀሐይ አቅጣጫ እንዳያልፍ። በቱቦው አፍ ላይ የሚገጠም የፀሐይ ማጣሪያ ሳይኖር በቴሌስኮፕ ፀሐይን ማየት ዓይንን በቅጽበት ያጠፋል፤ ልጆች ካሉ በቀን ቱቦውን ያለ ክዳን ጥላችሁ አትሂዱ።

ማታ ሲሆን እግሮቹን ዘርግታችሁ በግንበኛ ውኃ ልክ ለኩት። ሣር ላይ ከሆነ እግሮቹ ቀስ እያሉ ስለሚሰምጡ ሲሚንቶ ወይም ደረቅ መሬት ይሻላል። ከዚያ ሦስት ደማቅ ከዋክብትን ምረጡ። በሴለስትሮን መሣሪያዎች ላይ «ስካይ አላይን» የሚባለው ዘዴ የከዋክብቱን ስም እንድታውቁ አይጠይቅም። በመካከላቸው ያለውን ማዕዘን ለክቶ ማንነታቸውን ራሱ ይለያል። የሚፈልገው ተራርቀው እንዲገኙና በአንድ መስመር እንዳይሰለፉ ነው። በየካቲት መጀመሪያ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ካኖፐስ በደቡብ፣ ካፔላ በሰሜን፣ ሬጉለስ በምሥራቅ ይገኛሉ፤ ከዚህ የተሻለ ሦስት ማዕዘን አይገኝም። አናት ላይ ያለ ኮከብ ግን አትምረጡ፤ እዚያ ላይ የግራ ቀኙ ሞተር ትንሽ ለመስተካከል ብዙ መዞር ስላለበት ልኬቱ ይበላሻል።

አሁን የእጁ ሥራ። ኮከቡን በቀይዋ ነጥብ ላይ አድርጋችሁ «ኢንተር» የሚለውን ትጫናላችሁ፤ ከዚያ በዓይን ሌንሱ እያያችሁ ከመካከል ታደርሱና «አላይን» ትላላችሁ። የመጨረሻዋን ማስተካከያ ሁልጊዜ በላይ ቀስትና በቀኝ ቀስት ብቻ ጨርሱ። ካለፈባችሁ በግራና በታች ቀስት ወደ ኋላ መልሱትና እንደገና በላይና በቀኝ ቅረቡ። ምክንያቱም በሞተሮቹ ጥርሶች መካከል ትንሽ ክፍተት አለ፤ ሦስቱንም ከዋክብት ከአንድ አቅጣጫ ከቀረባችኋቸው ክፍተቱ በሦስቱም ላይ እኩል ስለሚሆን ልኬቱን አያዛባውም። ይህን የሚጠብቅ ሰው ሌሊቱን ሙሉ የጠራው ነገር ሌንሱ መካከል አጠገብ ይመጣለታል።

ማጉላት

በካርቶኑ ላይ «500 እጥፍ» የሚል ጽሑፍ ዋጋ የለውም። የማጉያው መጠን የቱቦው የትኩረት ርቀት ለዓይን ሌንሱ የትኩረት ርቀት ሲካፈል የሚገኝ ነው፤ 2,032 ሚሊ ሜትር የሆነው የ8ኤስኢ ቱቦ በባለ 25 ሚሊ ሜትር ሌንስ 81 እጥፍ ይሰጣል። ለጥልቅ ሰማይ ወሳኙ የአፉ ስፋት ነው። በጨለማ 7 ሚሊ ሜትር የተከፈተ የዓይን ብሌን ከሚሰበስበው ብርሃን ባለ 203 ሚሊ ሜትሩ የ8ኤስኢ አፍ ከ800 እጥፍ በላይ ይሰበስባል። በትንሽ ማጉያ ጀምሩ። አንድሮሜዳ ጋላክሲ በሰማይ ላይ ከሙሉ ጨረቃ ስድስት እጥፍ ያህል ይረዝማል፤ የትኩረት ርቀቱ በረዘመ ቱቦ የሚታየው መካከሉ ብቻ ነው፣ ጀማሪውም ጠርዙን ስላላገኘው ያላየው ይመስለዋል።

ዓይን ጊዜ ይፈልጋል

ሪሞቱ ደርሻለሁ ሲል የእናንተ ሥራ ይጀምራል። ለደብዛዛ ብርሃን የሚሠሩት የዓይናችን ሕዋሳት ሙሉ ኃይላቸውን የሚያገኙት በጨለማ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ከቆዩ በኋላ ነው። ለአፍታ ሞባይል ማየት ይህን ሁሉ ያፈርሰዋል። ስልክ አስቀምጡ፤ ባትሪ መጠቀም ካለባችሁ አፉን በቀይ ላስቲክ ደራርባችሁ ሸፍኑት፤ ቀይ ደብዛዛ ብርሃን እነዚህን ሕዋሳት ብዙም አይረብሽም። የጎረቤት የበር መብራት ካስቸገረ ነጠላ ወይም ጋቢ በራሳችሁና በሌንሱ ላይ አልብሱ።

እነዚህ ሕዋሳት በዓይናችን መሐል ላይ የሉም፤ ዙሪያውን ነው ያሉት። ስለዚህ ደብዛዛውን ነገር ፊት ለፊት ካፈጠጣችሁበት ይጠፋል። በቀኝ ዓይናችሁ የምታዩ ከሆነ ከነገሩ ትንሽ ወደ ቀኝ ተመልከቱ፤ በግራ ከሆነ ወደ ግራ። ሶምብሬሮ የሚባለውን ኤም104 ጋላክሲ እንውሰድ፤ 30 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። መጀመሪያ የምታዩት ጥቂት ከዋክብትና ባዶ ጥቁር ሜዳ ነው። ዓይናችሁን ወደ ጎን ስትመልሱ አንዲት የተንጋደደች ግራጫ ሰረዝ ብቅ ትላለች። ቱቦውን በጣታችሁ ጫፍ ቀስ ብላችሁ መታ አድርጉ፤ ዓይናችን የሚንቀሳቀስ ነገርን ቶሎ ስለሚይዝ ሰረዟ ጎልታ ትወጣለች። ከከተማ ራቅ ባለ ሰማይ፣ በባለ 203 ሚሊ ሜትር ቱቦ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ መካከሏ ወፍራም ጫፎቿ ቀጫጭን መሆናቸው ይለያል፤ ትዕግሥት ያለው ደግሞ በጎኗ የሚሄደውን ጥቁር የአቧራ መስመር ይጠረጥራል።

ቀለም አትጠብቁ። እነዚህ ሕዋሳት ቀለም አይለዩም። በፎቶ ቀይና ሰማያዊ ሆነው የምታውቋቸው ኔቡላዎች በዓይን ግራጫ ናቸው፤ ከኦርዮን ኔቡላ ብቻ አንዳንድ ሰው ትንሽ አረንጓዴነት ያያል። ፎቶው ብርሃንን ለረጅም ጊዜ ያጠራቀመ ካሜራ ሥራ ነው። እናንተ የምታዩት ግን ከኦርዮን ከ1,300 ዓመት በላይ ተጉዞ ራሱ ዓይናችሁ ላይ ያረፈ ብርሃን ነው፤ ይህን ለልጆች ስነግር ሌንሱን መልቀቅ ይከብዳቸዋል።

የእኛ ሰማይ

ወደ መሲዬ እንመለስ። እኛ ያለነው በ9 ዲግሪ ሰሜን ነው። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ትላለች፤ ከአዲስ አበባ ብዙ ቦታ የእንጦጦ ተራራ ወይም ሕንፃ ይጋርዳታል። በእሷ ላይ ተመሥርተው የሚስተካከሉ ቋሚዎች እኛ ዘንድ የሚያስቸግሩት ለዚህ ነው፤ ወደ ላይ ታች፣ ወደ ግራ ቀኝ የሚዞረው ዓይነት ግን አይፈልጋትም። ከሰሜን ያጣነውን ደግሞ በደቡብ እጥፍ አድርጎ ይከፍለናል።

መሲዬ ያልመዘገበውን፣ ኦሜጋ ሴንታውሪ የሚባለውን የከዋክብት ክምችት አስቡት። 10 ሚሊዮን ያህል ከዋክብት በአንድ ኳስ ታጭቀው፣ ከእኛ 17,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቀው ይገኛሉ። ከለንደን ፈጽሞ አይወጣም። ዋሽንግተን ካለው ዘመዳችሁ አድማስ በላይ የሚወጣው ሦስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ብቻ ስለሆነ በጭጋግና በዛፍ ይዋጣል። ከአዲስ አበባ ግን ከ33 ዲግሪ በላይ ይወጣል። በግንቦት አጋማሽ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ በስተደቡብ ከፍተኛ ቦታው ላይ ይደርሳል፤ ቁጥሩ ኤንጂሲ 5139 ነው። በባዶ ዓይን የደበዘዘ ኮከብ ይመስላል። በ80 እጥፍ ስታዩት ሌንሱን ሞልቶ ጠርዙ ወደ ነጠላ ነጠላ ነጥብ ይፈታል፤ መካከሉ እስኪታክታችሁ ድረስ ከዋክብት ነው። በዚያው ምሽት የደቡብ መስቀል ከጎኑ ይቆማል፤ ፊታችሁን ብታዞሩ ደግሞ የሰሜኑን ድብ ታያላችሁ። ሁለቱንም በአንድ ምሽት ከግቢያችን እናያለን።

በኅዳር አንድሮሜዳ ከፍ ይላል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ኦርዮን አናታችን አጠገብ ነው፤ በኔቡላው መካከል ያሉትን አራት የተጠጋጉ ከዋክብት ፈልጉ። ሚያዝያና ግንቦት ሌሊቱ ሲገፋ አቅራብና ቀውስ ይወጣሉ፤ በእነሱ አቅጣጫ ያለው የጋላክሲያችን መካከል ስለሆነ ኤም7፣ ኤም8፣ ኤም22 ተራ በተራ ይጠራሉ። ክረምት ደመና ነው፤ ቱቦው አፉ ተከድኖ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ።

የአዲስ አበባ መብራት ከዓመት ዓመት ሰማዩን እያነጣው ነው። ጋላክሲና ኔቡላን ክፉኛ ይጎዳል፤ የከዋክብት ክምችቶች ግን ይቋቋሙታል፣ ስለዚህ ከከተማ በእነሱ ጀምሩ። ጨረቃ የሌለችበትን ሳምንት ጠብቁ። ሰፈሩ መብራት የሄደበት ጥርት ያለ ምሽት ካገኛችሁ ቱቦውን ቶሎ አውጡት። የደጋ ነዋሪ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ያለው አየር ስስ ስለሆነ ያለ ድካም የተሰጠው ጥቅም አለ።

ጤዛና ባትሪ ድንጋይ

ቱቦውን ከማየታችሁ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ደጅ አውጡት፤ ውስጡ የቀረው የቤት ሙቀት ምስሉን ያርገበግበዋል። በፊት መስታወቱ ላይ ጤዛ እንዳይወርድ ከወፍራም ስፖንጅ ወይም ካርቶን የተሠራ አንገት ጨምሩበት፤ ከወረደ በጨርቅ አትጥረጉት። ስምንት ባትሪ ድንጋይ ቶሎ ያልቃል፣ ኃይሉ ሲደክምም ሞተሩ ያለ ልክ ይዞራል። ባለ 12 ቮልት የሚሞላ ባትሪ ያዙ።

ልግዛ ለሚል

ከ130 ሚሊ ሜትር ያነሰ አፍ ያለው፣ እግሩ የሚንቀጠቀጥ ርካሽ ባለ ሪሞት አትግዙ። ገንዘቡ ወደ ኤሌክትሮኒክሱ ሄዶ መስታወቱ ቀርቶበታል። በተመሳሳይ ዋጋ ያለ ሞተር የሚሠራ ዶብሶኒያን የሚባል ቴሌስኮፕ በጣም ሰፊ አፍ ይሰጣችኋል፣ ገጠር ለሚኖር ሰው የምመክረውም እሱን ነው። በከተማ ግን ነገሩ ይለያል። መንገድ የሚያሳዩት ትንንሽ ከዋክብት በመብራት ስለጠፉ ካርታ ይዞ መፈለግ ተስፋ ያስቆርጣል፤ እዚያ ኮምፒውተሩ ዋጋውን ይመልሳል።

ሌላ ዓይነት መሣሪያም መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ሲስታር ኤስ50 አፉ 50 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ የዓይን ሌንስም የለውም። ሰማዩን ፎቶ አንስቶ ከካርታው ጋር በማስተያየት የት እንዳለ ራሱ ያውቃል፤ ከዚያ ባለ 10 ሰከንድ ፎቶዎችን እየደራረበ ባለ ቀለሙን ኔቡላ ስልካችሁ ላይ ያወጣዋል። ለክፍል ትምህርትና ዓይናቸው ለደከመ አዛውንቶች ግሩም ነው። ለወጣት ተማሪ ግን ሌንስ ያለውን አስቀድማለሁ፤ ማየትን የሚያስተምረው እሱ ነውና።

የጎረቤት ልጆች ሲመጡ

በደማቅ ነገር ጀምሩላቸው፤ ጋላክሲ ይቆይ። ቁመታቸው የሚደርስበት በርጩማ አዘጋጁ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እንዲያዩ ንገሯቸው፤ ቱቦውን ከያዙትና ከገፉት ከዋክብቱን እንደገና ማስተዋወቅ ሊኖርባችሁ ነው። «ምን አየህ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ያዩትንም በደብተር ይሣሉት።

ቴሌስኮፕ በቁም ሳጥን የቆለፋችሁ ወላጆችና መምህራን፣ በዚህ በበጋ አንድ ምሽት አውጡት። ሰዓቱን 20:00 ብላችሁ አስገቡ፣ ሰፈሩን ጥሩ።